ለትንንሾቹ መጽሐፍ ስንመርጥ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከንባብ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር፣ ከሚሴ)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እህታችን ከኋላ ብድግ ብላ የጠየቀችንን አልረሳነውም። «ከማኅበሩ ገንዘብ ለሥዕል መጽሐፍ ወጣ ሲባል ሰማሁ። የእኔ ልጅ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። እኔም አልቆጠርኩም። ታዲያ መጽሐፉ የተገዛው ማን ሊያነበው ነው?» አለች። የሳቀ ነበር። እኛ የኮሚቴው አባላት ግን አልሳቅንም፤ መልስ አልነበረንማ። ዛሬም ሙሉ መልስ ይዘናል አንልም። ከዚያ ወዲህ ስንገዛ፣ ስንሳሳት፣ ስንሰፋና ስናነብ ያየነውን ልንነግራችሁ ነው የቆምነው። ከረዘመባችሁ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታገሡን።

መጀመሪያ የገዛነው በዓይናችን ነው። ሁለታችን ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ በሄድንበት ጊዜ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለሙ የደመቀ፣ ወረቀቱ ወፍራም የሆነውን እየመረጥን ገዛን። ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ ያሉ በጎ ሰዎች የላኩልን አንድ ካርቶን መጽሐፍ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ አነጠፍን፣ ልጆቹን ሰበሰብን፣ ከሁሉ የሚያምረውን መዘን ገለጥን።

ሥዕሉ ላይ ኮት የለበሰ ድብ ቆሟል። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ጣቱን ቀስሮ «ወራቤሳ!» አለ፤ ጅብ ማለቱ ነው። ጅብ እንዳልሆነ ነገርነው። «ታዲያ ምንድን ነው?» ድብ ነው አልነው። «ድብ ምንድን ነው?» አንዷ «እንደ ትልቅ ውሻ ነው» አለች፤ ሌላዋ «የለም፣ እንደ አንበሳ፣ ግን ጎፈር የሌለው» አለች። አገራችን ውስጥ ድብ የለም፤ ከመካከላችንም ድብ በአካል ያየ አልነበረም። ልጁ ግን የራሱን ጥያቄ ይዞ ቀረ፦ «ጅቡ ለምን ኮት ለበሰ?»

የሚቀጥለው ገጽ የባሰ ነበር። ከሰማይ በረዶ ይወርዳል፤ ልጆች በበረዶው ውስጥ እየሳቁ ይጫወታሉ። አንዲት ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ «ለምን ይስቃሉ? ማሽላው አላለቀም?» ብላ ጠየቀች። እኛ አካባቢ በረዶ ሲወርድ ማን ይስቃል? የእሷ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ መጽሐፉም በተጻፈበት አገር ትክክል ነው። ያልተገጣጠሙት ሁለቱ ናቸው። ከካርቶኑ ውስጥ ስለ አሳማዎች የሚተርኩ መጻሕፍትም ነበሩ፤ እናቶች ቅር ሲላቸው አየንና ያለ ብዙ ክርክር ወደ ጎን አስቀመጥናቸው።

ከዚያ በኋላ «የአገራችንን መጽሐፍ እንግዛ» ተባለ። በየትኛው ቋንቋ? እዚህ ላይ ነው ቡናው የቀዘቀዘው።

ለውጭ አገር ወዳጆቻችን ስንል ነገሩን ትንሽ እናብራራ። በዞናችን ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምረው የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጽፉትም በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራሉ። ቁቤ ለአፋን ኦሮሞ የተመረጠው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የሚለው የትምህርት ፖሊሲ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው። ከእኛ መካከል ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት የደረሱት ሀሁ ብለው በአማርኛ ነው የተማሩት። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ እናት የአማርኛውን ፊደል ታውቃለች፣ ቁቤ አታውቅም። ልጇ ቁቤ ይቆጥራል። አያትየዋ ሁለቱንም አታውቅም፤ ተረቱን ሁሉ የምታውቀው ግን እሷ ናት።

ገሚሳችን «በአማርኛ ይሁን፤ መጽሐፉ እንደ ልብ ይገኛል፣ ደሴም አዲስ አበባም ቢሄዱ ይጠቅማቸዋል» አልን። ገሚሳችን «ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ ነው እንጂ፤ ትምህርት ቤትም የሚጠብቀው እሱ ነው» አልን። ልጆቻቸውን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሁለት እህቶች ደግሞ እንግሊዝኛውን አልለቅም አሉ። ክርክሩ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በመጨረሻ የአንዷ አባላችን ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ሲሰለቻት ይመስለናል፣ «እናንተ እስክትስማሙ እኔ ሥዕሉን ልሣል፤ ጽሑፉን በኋላ ትጨምራላችሁ» አለችን።

ሣለች። ስምንት ገጽ ነው። አንድ ልጅ ፍየሉ ትጠፋበታለች። ማሽላ ውስጥ ይፈልጋል፤ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚጠብቀውን ልጅ ይጠይቃል፤ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል፤ ጨፋ ላይ ግመል የሚጠብቁ አፋሮች ያገኛል፤ ባጃጅ ነጂዎቹን ይጠይቃል። በመጨረሻ ገበያ መሐል የአንዲት ነጋዴ ሽንኩርት ስትበላ ያገኛታል። ጽሑፍ የለውም። እስከ ዛሬም አልጨመርንበትም፤ ምክንያቱ ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው።

በየቅዳሜው ልጇን ይዛ መጥታ በሩ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት እናት ነበረች። ስሟን እንዳንጠራ ስለነገረችን አንጠራም። መጽሐፍ ስናቀብላት «መነጽሬን ረስቼ ነው» ትለናለች። መነጽር አድርጋ አይተናት አናውቅም፤ ገብቶናል፣ ግን ማን ይናገራል? የፍየሏ መጽሐፍ የመጣ ቀን ልጇ ራሱ ወስዶ ጭኗ ላይ ጣለላት። ገለጠችው። ጽሑፍ ፈለገች፣ አጣች። ቀና ብላ አየችን፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዱሪ፣ ዱሪ...» ብላ ጀመረች፤ «ድሮ፣ ድሮ» እንደማለት ነው። ፍየሏን ስም አወጣችላት። ልጁ ማማው ሥር ሲደርስ የወንጭፉን ድምፅ አሰማች። ባጃጅ ነጂውን እንደ ባጃጅ ነጂ አናገረችው፤ ሽንኩርቷ የተበላባትን ሴትዮ ስታስጮህ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ከኛ ምንጣፍ እየተነሡ አንድ በአንድ ወደ በሩ ሄዱ። እኛ ሀሁ የቆጠርነው መጽሐፋችንን ይዘን ባዶ ምንጣፍ ላይ ቀረን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መሐል ተቀመጠች። የመነጽሩ ወሬ ቀረ።

እኅታችን ያቀረበችው ጥያቄ፣ «ማን ሊያነበው ነው?» የሚለው፣ ትርጉሙ የገባን ያን ቀን ነው። መጽሐፍ ስንመርጥ ልጁን ብቻ እያሰብን ነበር። ልጁን ጭኗ ላይ የምታስቀምጠው ሴት መጽሐፉን ካልደፈረች ግን መጽሐፉ ከመደርደሪያ አይወርድም። ከዚያ ወዲህ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ መጀመሪያ የምንሰጠው ማንበብ ለማትችል አባል ነው። እሷ ከሥዕሉ ተነሥታ አንድ ነገር መናገር ከቻለች እንገዛዋለን። ካልቻለች፣ ጽሑፉ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ለትንንሾቹ አንገዛውም። ለትልልቆቹ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ የእኛ የከሚሴ ሴቶች ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደወትሮው አነበበ። ሌላው ወገን ግን ማንበቡን ገታ አድርጎ ልጁን እንዲጠይቅ፣ «ይህ ምን እያደረገ ነው?» እያለ እንዲያናግረው፣ ልጁ ያለውን ተቀብሎ ትንሽ ጨምሮ እንዲመልስለት ተነገረው። ከአንድ ወር በኋላ የተጠያቂዎቹ ልጆች አነጋገር ከሌሎቹ ቀድሞ ተገኘ። «ኩን ማል?»፣ «ይህ ምንድን ነው?» ማለትን ደግሞ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። እንቆቅልሽና ሂቦ እየተጠያየቅን ያደግን ሰዎች ነን።

የቋንቋውን ነገርስ? እንዲህ ወሰንን፤ ቅር ያለው አለ፣ ቅር ቢለውም እናከብራለን። አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ጽሑፉ በምንም ቋንቋ ቢሆን ተረኪዋ በሚመቻት ቋንቋ ትናገራለች። በአማርኛ የተጻፈውን በአፋን ኦሮሞ ትተርከዋለች፤ መሐል ላይ ብትቀላቅልም ማንም አያርማት፤ እኛስ ገበያ ላይ የምንነጋገረው እንዴት ነው? ከዚያ በላይ ለሆኑት፣ ጣታቸው ጽሑፉ ላይ መሄድ ሲጀምር፣ ትምህርት ቤት በሚማሩበት ቁቤ የተጻፈውን እናስቀድማለን። ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ያለበት መጽሐፍ ከተገኘ ደግሞ እጅግ ደስ ይለናል፤ እናት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ገብተው መሐል ላይ ይገናኛሉ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። በቁቤ የተጻፈ መጽሐፍ ከመግዛታችን በፊት አንድ አፋን ኦሮሞ የሚያስተምር መምህር እንዲያየው እናደርጋለን። በቁቤ አንድ አናባቢ ሲደገም ቃሉ ይለወጣል። «ለፈ» መሬት ነው፤ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ «ላፋ» ይሆንና ለስላሳ ማለት ይሆናል። ተጣድፎ የተተረጎመ መጽሐፍ ይህን አይጠነቀቅም። ልጁ ደግሞ ያየውን ይዞ ነው ክፍል የሚገባው። የሌላ አካባቢ አነጋገር ሲያጋጥመን ግን እሱን እንደ ስሕተት አንቆጥረውም፤ በወሎኛችን እንተካና እናልፋለን።

«የአገር ውስጥ መጽሐፍ የለም» የሚል ሰው አሁንም አለ። ጥቂት ነው እንጂ የለም አይባልም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ሰው አሉ፤ ነገሌ ቦረና የተወለዱ። ከትምህርት ቤት መማሪያ ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። ተሰደው አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ስለዚህ ራሳቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለ ቀለም የሥዕል ተረት አሳተሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካደጉት አሜሪካዊት ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነውም «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ለልጆች ያዞሩ ነበር። ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን፤ ከሚሴ ያጣችው ብዙ ነገር ቢኖር ጋሪ ግን አላጣችም። ሐሳቡን ለሥራ አስፈጻሚው አቅርበናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ታውቋታላችሁ። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው የጀመሩት፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የታየ የልጆች ፕሮግራም ነው። ፀሐይ ቀጭኔ ናት። እውነቱን እንናገርና እሷ የመጀመሪያ ሕጋችንን አፈረሰችብን። ከድቡ በኋላ «ልጁ የማያውቀው እንስሳ ያለበት መጽሐፍ አይገዛ» ብለን ጽፈን ነበር። እዚህ አገር ቀጭኔ ያየ ልጅ ማን አለ? ግን ይወዷታል። ተነጋግረን የደረስንበት ይህ ነው፦ ፀሐይ ቀጭኔ ብትሆንም ኑሮዋ የልጅ ኑሮ ነው፤ እጇን ትታጠባለች፣ ትጠይቃለች። እንግዳ ነገር አንድ ሲሆን ልጁን ይስበዋል። እንስሳው፣ ቤቱ፣ ልብሱ፣ ምግቡ፣ ዝናቡ ሁሉ እንግዳ ሲሆን ነው የሚጠፋበት። ሕጉን ሰርዘናል።

በነፃ የሚገኙም አሉ። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የሚባለው፣ ከደቡብ አፍሪካ የተነሣ ሥራ፣ አጫጭር የሥዕል ታሪኮችን በኢንተርኔት ያስቀምጣል፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አሉት፤ አትሞ መጠቀምም መተርጎምም የተፈቀደ ነው። «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» የሚባሉት ደግሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን የተዘጋጁ ናቸው።

እኛም ከነፃዎቹ አወረድንና ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድን። እዚህ ላይ ገንዘባችሁን አባክነናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። በቀለም ማሳተሙ ስለተወደደብን በጥቁርና ነጭ አሳተምነው። የሌሊት ሥዕል የነበረው ጥላሸት ሆኖ ወጣ፤ ዝሆኑን ከዛፉ መለየት አልተቻለም። አሁን የምንመርጠው ሥዕሉ በመስመር የተሣለ፣ ዙሪያው ነጭ የሆነውን ነው። ወረቀቱን አጥፈን፣ የልብስ ስፌት መኪና ያላት አባላችን መሐሉን በወፍራም ክር ትሰፋዋለች፣ ሽፋኑን ላስቲክ እናለብሰዋለን። ሽሮ የነካው እጅ ቢገልጠው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ገና ለሚድሁት ግን እንዲህ ያለው አይሆንም፤ እነሱ መጽሐፍ የሚያነቡት በአፋቸው ነው። ለእነሱ ወፍራም ካርቶን፣ በአንድ ገጽ አንድ ትልቅ ሥዕል፣ አህያ፣ ጀበና፣ ዶሮ ይበቃል። ስቴፕለር የተመታበት መጽሐፍ ለእነሱ በፍጹም አይሰጥ።

ስለ ይዘቱ ብዙ አናወራም፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ጅቡ ሰው የሚበላበትን ተረት እናስወግድ ያሉ ነበሩ። አላስወገድነውም፤ ልጆቹ እናታቸው ጭን ላይ ሆነው መፍራት ይወዳሉ፤ «ድገሚልኝ» የሚሉትም እሱን ነው። የመለስነው በአካል ጉዳተኛ ወይም በሰው መልክ የሚያስቀውን ነው። ሴት ልጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ውኃ ተሸክማ ብቻ የምትታይበትንም መለስን። ውኃ መቅዳቱ እውነት ነው፤ ግን እንስራውን አስቀምጣ አንድ ነገር ታድርግበት እንጂ!

ደግሞም ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ድረስ እንደመጣ የምንረሳው አይደለም። አንዲት ልጅ ነጎድጓድና የሚሸሹ ሰዎች ያሉበት ገጽ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን በሁለት እጇ ዘጋችው። አልጠየቅናትም፤ ሌላ አነሣን። ከሁለት ወር በኋላ ራሷ ፈልጋ አመጣችው፤ ያን ገጽ ዘላ ቀጣዩን ገለጠችልን። መጽሐፉ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ። ልጁ «ዝጊው» ሲል ወዲያው ይዘጋል፤ የትኛዋም አንባቢ «ይለቅ» ብላ አትከራከረውም።

አሁን ወደ ደጋፊዎቻችን። የላካችሁልን ካርቶን ከልባችሁ እንደሆነ እናውቃለን፤ ድቡንም አልጣልነውም፣ ትልልቆቹ እንግሊዝኛ ይለማመዱበታል። ነገር ግን የካርቶኑ ማጓጓዣ ብቻ ስንት እንደሚፈጅ ስናስብ ይከፋናል። እንደ እኛ ምኞት፣ በዚያው ገንዘብ እዚህ አገር የታተመ የአፋን ኦሮሞና የአማርኛ መጽሐፍ ብትገዙልን፣ ወይም የወረቀትና የቀለም ኅትመት ወጪ ብትሸፍኑልን ይበልጥ እንጠቀማለን። የሣለችው ልጃችን ለሁለተኛው መጽሐፏ ባለ ቀለም እርሳስ ትፈልጋለች፤ ታሪኩ ስለ ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፣ ከአያቷ ጋር እየተነጋገሩ ግማሽ ደርሰዋል። መጽሐፍ መላክ ካለባችሁ ደግሞ ጽሑፍ የሌለው፣ ወይም እጅግ ጥቂት የሆነ፣ ልጆችና እናቶች የሚታዩበት ይሁን። ከመላካችሁ በፊት አንድ ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን፤ በሩ አጠገብ ለነበረችው እናት እናሳያታለን፤ እሷ ትፈርዳለች።

ጨርሰናል። ከቡናው በፊት አንድ ማስታወቂያ ብቻ፦ መጽሐፍ የሚዋሰው ለሁለት ሳምንት መሆኑን ታውቃላችሁ። የፍየሏ መጽሐፍ ከወጣች አምስተኛ ሳምንቷ ነው፤ መዝገቡ ላይም አልተጻፈችም። በየቤታችሁ ከፍራሽ ሥር፣ ከዱቄት ማስቀመጫው ጀርባ ፈልጉልን። ቅዳሜ ልጆቹ እየጠየቁ ነው።